የጋሸ ይመር ካፖርት አይታጠብም

ሰኞ

ኤጭ! ይኸን ነገር ልበሺ ተባልኩ።

ዛሬ ጠዋት ታደሰ፣ የቡድን መሪያችን፣ የጋሸ ይመርን ካፖርት ከግድግዳው ላይ አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «እሁድ ዱዓ ተደርጎ ትለብሽዋለሽ፤ የሙከራ ጊዜሽም በዚያው ያበቃል፤ ከእኛ አንዷ ሆንሽ ማለት ነው» አለ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔን ግን ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬን መታኝ። የተቃጠለ ጎማ፣ የተቃጠለ ጠጉር፣ የከረመ ላብ። ቋቅ አለኝ። በሁለት እጄ መቀበል ሲገባኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

በፊት ቢጫ ነበር ይላሉ። አሁን ቀለሙን አላህ ይወቀው። አንገትጌው ላይ ጥላሸቱ ከላብ ጋር ተለውሶ እንደ ድስት ቂጥ ደርቋል። በጥፍሬ ብፍቀው ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ተነሳ። እጅጌው ያብለጨልጫል፣ ከቅባት ብዛት።

«እሺ፣ አጥቤ እለብሰዋለሁ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ምን ልል እችላለሁ? በጫማዬ መስጊድ የገባሁ ነው የመሰላቸው። ሹፌሩ ሰይድ «አስተግፊሩላህ በይ፣ አንቺ ልጅ!» አለኝ ከልቡ ደንግጦ። ታደሰ ካፖርቱን ወደ ደረቱ አስጠጋው፣ ልነጥቀው የመጣሁ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሸ ይመር በመካነ ሰላም እሳት አጥፊ ከተባለ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። እነዚህን ሁሉ ያስተማሩ እሳቸው። ስንት እሳት ውስጥ ገብተው አንድም ቀን ሳይለበልባቸው ወጥተዋል። ካፖርታቸውን ደግሞ አንድም ቀን አላጠቡም። በረካው ጥላሸቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ከታጠበ ከውሃው ጋር ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ ማንም የራሱን አያጥብም። ካፖርቱ የጠቆረ ጀግና፣ ያልጠቆረ ገና ጥሬ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ናቸው፤ ታደሰ እንኳን በማርያም እየማለ ስለ በረካው ያወራል።

አሁን ጋሸ ይመር አሞአቸው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። ብርድ ነው ይባላል። ካፖርቱ ለእኔ መሰጠቱ ክብር ነው፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ስለሆንኩ አስበውልኛል። ልቤ ይኸን ያውቃል፤ ሆዴ ግን አልሰማም አለኝ።

ቤት ገብቼ እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። አሁንም ይሸታል።


ማክሰኞ

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የፍራሽ መጋዘን ተቃጠለ። ስፖንጅ፣ ላስቲክ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ያ ጭስ ጭስ አይባልም፤ ወፍራም፣ ቢጫ ጥቁር የሆነ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። እኔ ካፖርት ስለሌለኝ በዝናብ ልብሴና በሻሼ ሆኜ ከደጅ ቱቦ ይዤ ነበር። እነሱ ግን ውስጥ ገቡ። አፋቸው ላይ ምን አደረጉ? ምንም። ሰይድ ፎጣውን አርሶ ጠመጠመ፣ ያውም ቅዳሜ መኪናዋን የወለወለበትን ፎጣ።

ማስክ የለም እንዳይባል አለ! የአየር ጋን ያለው ደህና ማስክ ታደሰ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሁለት አዲስ ካፖርትም አለ፣ ላስቲኩ ገና አልተቀደደም። በመጣሁ ሰሞን «ያ ለማን ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ለእንግዳ ነው አሉኝ። ከላይ ጉብኝት ሲመጣ አውጥተው ይደረድሩታል፣ ፎቶ ይነሱበታል፣ መልሰው ይሸፍኑታል። እንግዳው እሳት ሊያጠፋ ነው የሚመጣው?

እሳቱ ጠፋ፣ አልሃምዱሊላህ። የጎረቤቶቹ ቤት ተረፈ፣ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከዚያ ባለመጋዘኑ እያለቀሰም እየመረቀም ሰደቃ አወጣ። እዚያው አመዱ አጠገብ ትልቅ ትሪ ተቀመጠ። ልማዱ ነው፤ እሳት ያጠፋ ሰው ከዚያ ደጅ ሳይበላ አይሄድም፣ የቀረበለትንም አይገፋም።

እንዴት እንደበሉ ልጻፈው ወይስ ልተወው? ጥቁር እጃቸውን እንደያዙ ገቡበት። እንጀራው ላይ የጣታቸው ምልክት ቀረ። አንዱ አክ ብሎ ተፋ፤ ምራቁ እንደ ቀለም ጠቁሯል፤ አፉን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ ሌላ ጎረሰ። እኔ በጄሪካን ውሃ ልታጠብ ዞር ስል «ጅዳዋ እመቤት! ሳሙናም እናምጣልሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ጅዳ ስንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩ ሰው ነኝ። እመቤት ሆኜ አይደለም የጠየፍኩት፤ ቆሻሻን በደንብ ስለማውቀው ነው።

ሰይድ ደግሞ በግድ ሊያጎርሰኝ መጣ። በዚያ እጁ! ጉርሻ እምቢ አይባልም፣ አውቃለሁ። ጎረስኩ። ከመኪናዋ ጀርባ ዞሬ ተፋሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ሰደቃ ነው።

ጣቢያ ስንመለስ ካፖርቶቹን እዚያው አልጋ ያለበት ክፍል አንጠለጠሉ። በር ተዘጋ፣ ስለሚበርድ። ተኙ። ያንን አየር እየማጉ።

ማታ ተናፈጥኩ። ጥቁር።


ረቡዕ

ብርቱካን ይዤ ጋሸ ይመርን ልጠይቅ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ላባብላቸው ነበር ሐሳቤ። ካፖርቱን እንዳጥበው እሳቸው ከፈቀዱ ማንም ቃል አይተነፍስም።

ደነገጥኩ። ያ ትልቅ ሰውዬ ጋቢው ውስጥ ጠፍተዋል። መደብ ላይ ተቀምጠው ነው ያገኘኋቸው። «አፊያ ነዎት ጋሸ?» አልኩ። «አልሃምዱሊላህ፣ ብርድ ነው ልጄ፣ ይለቀኛል» አሉ። ስለ ትናንቱ እሳት ጠየቁኝ፤ የቱ ጋ ቆማችሁ፣ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ሰይድ መኪናዋን በየት አስገባ። ዓይናቸው በራ። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ግድግዳ እየያዙ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ነጭ ሆኖ ነው።

ስለ ካፖርቱ ላነሳ ስል ቀደሙኝ። «እሁድ ትለብሽዋለሽ አሉኝ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ እንደሆን አላህ ሴት ልጅ አልሰጠኝም» አሉ። ብርቱካኑን አጠገባቸው አስቀምጬ ተነሳሁ።

ባለቤታቸው እትየ ሰዓዳ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። እዚያ ስንደርስ ክንዴን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። «ብርድ አይደለም» አሉኝ። «ሽንቱ ደም ነው ልጄ። ደሴ ወስደነው ካንሰር ነው አሉን። ፊኛው ላይ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ደጋግመው ለራሳቸው ያሉት ነገር መሆን አለበት።

ከዚያ ሁሉንም አወሩኝ። ደሴ ሐኪሙ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። በአፌ ዞሮ አያውቅም አሉ። ሥራዎስ አላቸው። ነገሩት። ልብስዎን ከእሳት በኋላ ያጥባሉ ወይ ሲላቸው ጋሸ ይመር ሳቁ። ሐኪሙ አልሳቀም። የአንድን ሰው በሽታ ይኼ ነው ያመጣው ብዬ ልምልልዎ አልችልም፣ ግን እሳት አጥፊዎች ላይ ይበዛል፣ ጭሱ በአፍንጫ ብቻ አይደለም፣ ጥላሸቱ በቆዳም ይገባል አላቸው። ጓደኞችዎን ይንገሩልኝ አለ። ይታጠቡ፣ ካፖርቱን ያጽዱ፣ በዚያ እጅ አይብሉ፣ ማስክ ያድርጉ።

«ነገሯቸው?» አልኳቸው እትየ ሰዓዳን።

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከዚያ አስማሉኝ። የእሱ ገመና ነው፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ ወላሂ በይ አሉኝ። እኔም ወላሂ አልኩ። ምን ነካኝ! ባልምል ኖሮ ዛሬውኑ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እጮህ ነበር።

መንገድ ላይ እግሬን እየጎተትኩ መጣሁ። ይኸን እያወቁ «እሁድ ትለብሽዋለሽ፣ ደስ ብሎኛል» አሉኝ። ለእኔ! ሴት ልጅ አልሰጠኝም ያሉት እኮ በዚያው አፋቸው ነው።


ሐሙስ

እንቅልፍ ሳይሆን ንዴት ነው ያደረብኝ።

ታደሰን ብቻውን አገኘሁት። ምስጢሩን ሳላወጣ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። ጭስ ለጤና አይሆንም፣ ጥላሸት በቆዳ ይገባል ይባላል፣ ካፖርቶቹን ብናጥብ ምን አለበት አልኩት። ከማን ሰማሽ አለኝ። ከሐኪም አልኩ። የትኛው ሐኪም? መሐላዬ ትዝ አለኝ። ሳቀብኝ። «ጋሸ ይመር ይኸን ሁሉ ዓመት ሲለብሱት ምን ሆኑ? ብርድ እኮ ማንንም ይይዛል» አለኝ። ምላሴን ነከስኩት። እስካሁን ያመኛል።

አንድ ነገር ግን እውነቱን ተናገረ፣ ልክደው አልችልም። «ካፖርቱ ርጥብ ሆኖ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ እሳት ቢነሳስ? በሸሚዝ ልንገባ ነው?» አለ። ይኼ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ብርድ ያ ወፍራም ነገር ቶሎ አይደርቅም። መልሱ ግን እዚያው ከጀርባው ቁምሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። በጣቴ አሳየሁት። «ያንን ተቀያሪ አድርጉት።» ልጁን ስጠኝ ያልኩት መሰለው። በላዩ ፈርሜያለሁ፣ ቢጠቁር እኔ ነኝ የምጠየቀው አለ። ካፖርት ቢጠቁር ይጠየቃል፤ የሰው ፊኛ ቢጠቁር ማን ይጠየቃል? ይኸን አላልኩትም። እዚህ ግን ጽፌዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ቁርጡን ነገረኝ። እሁድ ካፖርቱን ሳታጥቢ ከለበስሽ ለበስሽ። አይ ካልሽ መኪናዋ ላይ አትወጪም፣ የሙከራ ጊዜሽንም አልፈርምም። የጋሸ ይመርን ካፖርት የናቀ ሰው ከእነዚህ ልጆች ጋር እሳት ሊገባ አይችልም፣ ማንም አምኖ ጀርባውን አይሰጠውም አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ያንን ቆሻሻ ከልቡ ይወደዋል።

ስወጣ ያየሁት ነገር ደግሞ ይባስ። የሰይድ ሚስት ምሳ ይዛ ከትንሿ ልጃቸው ጋር መጥታለች። ልጅቷ በረዳት። ሰይድ ካፖርቱን አውርዶ ጠቀለላት። የማክሰኞው የፍራሽ ጭስ ያለበትን! ልጅቷ አንገትጌውን አፏ ውስጥ ከትታ ታኝካለች። እሱ «አየሽ፣ የእሳት አጥፊ ልጅ!» እያለ ይስቃል።

ሮጬ ካፖርቱን ነጠቅኳት። ልጅቷ አለቀሰች። ሚስቱ ገላመጠችኝ። ሰይድ «ምነው ሀዋ፣ ነጃሳ፣ ርኩስ አደረግሽን?» አለኝ፤ እውነተኛ ቅያሜ ነው ፊቱ ላይ ያየሁት። አዎ፣ ነጃሳ ነው፣ በቀን አምስቴ ለሶላት ውዱእ እያደረግክ የምትለብሰው ነገር ነጃሳ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ወላሂ ስላልኩ ግን ካፖርቱን መልሼ ሰቅዬ ወጣሁ።


ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ለሌላ ሰው ላለመናገር ነው እንጂ ለራሳቸው ላለመናገር አልማልኩም።

ጋሸ ይመር ብቻቸውን ነበሩ። ቁጭ አልኩና ጠየቅኳቸው። ጋሸ፣ አፉ በሉኝ፣ ግን እሁድ የምለብሰው ካፖርት ምን እንዳለበት ያውቃሉ? አልኩ። የሰይድን ልጅ ነገርኳቸው፣ አንገትጌውን እንዴት እንዳኘከችው። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ከዚያ ተቆጡ። እኔ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ሰዓዳ ናት! ገመናዬን አወጣችው!» አሉ። ከቤቴ ውጪልኝ አሉ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልወጣም አልኩ።

ደከማቸው መሰለኝ፣ ቁጣው በቶሎ አለቀ። ወደ እኔ ሳያዩ ነው የተናገሩት። «አታጥቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «በረካ ነው ያልኳቸው እኔ። ውሃ ከሩቅ ነበር የሚመጣው፣ ለእሳት እንጂ ለልብስ የሚተርፍ አልነበረም፤ ልጆቹ ሲያጉረመርሙ ጊዜ አንድ ቀን ቀልድ አድርጌ በረካው ይሄዳል አልኳቸው። ያዙት። እኔም ቆይቼ አመንኩት። ዛሬ ሄጄ ገደልኳችሁ ልበላቸው? ከእኔ የቀረው ስሜ ብቻ ነው፣ እሱን ተዉልኝ።»

አዘንኩላቸው። እውነት ነው የማዝነው፣ እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ደግሞ ጠላኋቸው፣ ለትንሽ ጊዜ። ለስምዎ ሲባል ስንት ሰው በበሽታ ሊተኛ ነው ጋሸ? አልኩና ወጣሁ። በር ላይ እትየ ሰዓዳ ቆመዋል፤ ሁሉን ሰምተዋል። አላቆሙኝም፤ ሰላምታም አልተሰጣጣንም።

መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሰው ሲያየኝ አቧራ ነው እላለሁ።


ቅዳሜ

አጭር እጽፋለሁ፣ ደክሞኛል።

እማ ፊቴን አይታ አወጣጣችኝ። የሌላውን ገመና ትቼ የራሴን ነገርኳት፤ ካልለበስኩ ሥራው የለም አልኩ። «ልበሽዋ! ጨርቅ ነው እኮ፣ ሰው በጨርቅ እንጀራውን ይተዋል?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ለሪያድ እየተሰናዳች ነው አለች፣ እንዲሁ በጨዋታ መሀል። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

አልመለስም። የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ የምኖረው ኑሮ አብቅቷል ብዬ ነው የመጣሁት። ይኸን ሥራ እወደዋለሁ። ማክሰኞ ቱቦው እጄ ውስጥ ሲወጠር፣ የጎረቤትየው ቤት ሳይነካ ሲቀር፣ ያንን የመሰለ ነገር ጅዳ አላገኘሁም። ለዚህ ነው የምናደደው። የሚወደድ ሥራ በቆሻሻ ለውሰውታል!

ወሰንኩ። ነገ እሄዳለሁ፣ አልለብስም፣ ሲያባርሩኝ እወጣለሁ። የዝናብ ልብሴን አጥቤ አሰጣሁ። ቢያንስ እሱ ንጹሕ ይሁን።


እሁድ

ተቻኩዬ ስለምጽፍ ጽሑፌ አያምርም።

ጠዋት ሁሉም ተሰብስቧል። የሰፈር ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ታደሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ካፖርቱ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጧል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የምለውን «አይ» ደጋግሜ በሆዴ እላለሁ። ዱዓው ሊጀመር ሲል ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ጋሸ ይመር! እትየ ሰዓዳ ደግፈዋቸው ወረዱ። ልጆቹ ሆ ብለው ሮጡ። እልል ያለም አለ። ለእኔ ካፖርቱን ሊያለብሱኝ ራሳቸው የመጡ መሰላቸው። እኔም መሰለኝ። በውስጤ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ፤ በእሳቸው እጅ ሲመጣ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ታደሰ ካፖርቱን አንስቶ ሰጣቸው። ተቀበሉት። አስጠግተው አሸተቱት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ «ሳፋ አምጡ» አሉ።

ማንም አልገባውም። «ሳፋ፣ ውሃ፣ ዱቄት ሳሙና» አሉ ጮክ ብለው፣ በእሳት ቀን እንደሚያዝዙት። በዚያ ድምፅ ሲያዝዙ እግር ራሱ ይሄዳል፤ ልጆቹ ሮጠው አመጡ። ካፖርቱን ራሳቸው ነከሩት። ሊያሹት ሞከሩ፤ እጃቸው አልቻለም። ቀና ብለው አዩኝ። የፕላስቲክ ጓንት አድርጌ ተንበረከኩ።

ውሃው ወዲያው ጠቆረ። መጥቆር ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ እንደ ናፍጣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተንሳፈፈ። ሽታው ሲነሳ ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ደፋሁት፣ ሌላ ቀዱልኝ፣ እሱም ጠቆረ። ታደሰ እንደ ሐውልት ቆሟል።

ጋሸ ይመር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሳፋውን ያያሉ። «ይኸን ነው የለበስኩት?» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ለሁሉም ነገሩ። ምንም ሳይሸፍኑ። ብርድ አይደለም፣ ካንሰር ነው፣ ፊኛዬ ላይ ነው፣ ሽንቴ ደም ነው አሉ። እኚያ እግራቸውን እንኳን ሰው ፊት የማይዘረጉ ሰውዬ! ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ነገሩ፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ማለቱን ሳይቀር። «እሳት አይነካኝም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ነክቶኛል። በዚህ ገብቶ ነው የነካኝ» አሉና ካፖርቱን አሳዩ። በረካ ያሉት ቀልድ እንደነበረም ነገሩ። አፉ በሉኝ አሉ።

አንዱ ከኋላ፣ ማን እንደሆነ አላየሁም፣ «ግን በረካው ጋሸ...» አለ። እውነት ነው የምጽፈው፣ ይኸ ሁሉ ተብሎም!

ጋሸ ይመር ወደ ሳፋው ጠቆሙ። «በረካ ከሆነ ይኸው፣ ጠጡት» አሉ።

ያንን ውሃ ሁሉም አየው። ሰይድ ነው መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው። ካፖርቱን ከትከሻው አወለቀ፣ እንደ እባብ ነገር በጣቱ ጫፍ ይዞ መጣና አጠገቤ ጣለው። ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ልጁ እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ።

ታደሰ በመጨረሻ የተናገረው ያንኑ ጥያቄውን ነው። ሲታጠብ እሳት ቢነሳስ? ጋሸ ይመር የቢሮውን በር ብቻ አዩ። ታደሰም አየ። ፊቱ ቀላ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አወጣ። ላስቲኩ ሲቀደድ ድምፁ እስከ ግቢው ተሰማ። ሁለቱን አዲስ ካፖርቶች አወጣ፣ ማስኮቹንም አወጣ። አንዱን ካፖርት ለእኔ ወረወረልኝ። «የፈረምኩበትን እኔ እችለዋለሁ» አለ፣ ሳያየኝ።

ዱዓው ከዚያ በኋላ ሆነ። ስለ ካፖርቱ አልነበረም። ለጋሸ ይመር አፊያ ነበር፤ አሚን ስንል ታደሰም ከእኛ እኩል አሚን አለ።


ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ የጭድ ክምር ተቃጠለ። የታጠቡት ገና ስላልደረቁ እኔና ሌላ አንድ ልጅ በአዲሶቹ ካፖርቶች፣ ማስክ አድርገን ቀረብን። ማስኩ ከባድ ነው፣ ያልባል፣ የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ እንደ በሬ ያንኮራፋል። ሰይድ ከሩቅ ሆኖ «ሀዋ፣ ዝሆን መሰልሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ይሳቅ። ማታ ስናፈጥ ጥቁር አልነበረም። እሰይ! በዚህ ዕድሜዬ በንፍጤ የምደሰት ሆንኩ።

ባለጭዱ ሰደቃ አወጣ። ታደሰ ትሪውን አልፎ ሄደና ጄሪካን ይዞ ቆመ፤ ሳይታጠብ የሚቀርብ የለም አለ። ባለቤትየው እንዳይቀየም ፈርቼ ነበር። ሰውየው ግን ማስታጠቢያ ራሱ ይዞ ወጣ፣ «እኔ አልኩ እኮ፣ እንዲህ ጠቁራችሁ እንዴት ትበላላችሁ ብዬ፣ አፍሬ ነው እንጂ» አለን። ይኸን ሁሉ ጊዜ ሰዎቹም ይጸየፉን ነበር ማለት ነው! አንዱ ልጅ ግን አሁንም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ታጠበ፣ ግን ካፖርቱን ለእጥበት አልሰጥም ብሏል። በረካውን ትቶ አሁን «ሽታውን ለምጄዋለሁ» ነው የሚለው። እንየው።

ካፖርቶቹ ከመኝታ ክፍሉ ወጥተዋል። ከጓሮ ቆርቆሮ ጥለንላቸዋል። ወደ ቤት ይዞ መሄድ የለም፣ በመኪናዋ ጋቢና መጫን የለም። ጥቁሩን ውሃ ወደ ጅረቱ እንዳንደፋው ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ስቆጣ ነው የዋልኩት፣ ጅዳዋ እመቤት ማለታቸውን አልተዉም። ይበሉ።

ሲመሽ ሰይድ ብቻዬን እስክሆን ጠበቀኝ። ልጄን ስንት ጊዜ በካፖርቱ ጠቅልያታለሁ፣ ምን ትሆን ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! አብሽር፣ ከአሁን በኋላ አታደርግም፣ ሐኪም ዘንድም ውሰዳት አልኩት። እሺ አለ። እስከ በሩ አብሬው ሄድኩ።

ጋሸ ይመር ነገ ጠዋት ለሕክምና ወደ ደሴ ይሄዳሉ። ታደሰና ሰይድ ሊሸኟቸው ነው። ከመሄዳቸው በፊት ካፖርታቸውን ንጹሕ ሆኖ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ዛሬ ከሥራ በኋላ እንደገና ነክሬ አሸሁት። አንገትጌው ላይ ቢጫው ብቅ ብሏል፣ ያውም ደማቅ ቢጫ። እንዲህ ያምር እንደነበር ማን ያውቃል?

ውሃው ግን ዛሬም ጠቆረ። ደፋሁት፣ ሌላ ቀዳሁ፣ ያም ጠቆረ። ነገም አጥበዋለሁ።